ሳይዘሩ ማጨድ፦ ስለ ኢትዮጵያ አትሌቲክስ የምልመላ ሥርዓት የቀረበ ሒስ

ስለ ኢትዮጵያ አትሌቲክስ የሚጻፈው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ውዳሴ ነው ወይ ሙሾ። ሜዳልያ ሲገኝ ውዳሴው ይጎርፋል፤ ሲታጣ ሙሾው ይወርዳል። ሁለቱም ግን አንድ የጋራ ጉድለት አለባቸው፤ ዓይናቸውን ከውድድሩ መጨረሻ መስመር ላይ አይነቅሉም። ሯጩ ወደ መነሻው መስመር እንዴት እንደ ደረሰ፣ ከእርሱ ጋር አብረው መሮጥ ጀምረው ከመንገድ የቀሩት ምን እንደ ሆኑ፣ ከቶም ለመሮጥ ዕድል ያላገኙት ስንት እንደ ሆኑ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ በተዘነጋው ወገን ላይ ነው። ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ሊቀርብ ይችላል፦ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ሯጮችን ያፈራል ወይስ ሌላው ያፈራውን ይሰበስባል? በእኔ አስተያየት መልሱ ሁለተኛው ነው። ፌዴሬሽኑ በመሠረቱ መልማይ ድርጅት ነው፤ ዘሪ አይደለም። ሳይዘሩ ማጨድ ደግሞ ለጊዜው ያዋጣ ይሆናል እንጂ ዘላቂ አይሆንም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ማዕረጉ የሚናገረው

የታወቁትን ሯጮቻችንን ስም ስንጠራ የምናስቀድመው ማዕረግ ራሱ ታሪክ ይናገራል፦ ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ ሻምበል ማሞ ወልዴ፣ ሻምበል ምሩፅ ይፍጠር፣ ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ኮሎኔል ደራርቱ ቱሉ። በሌላው ዓለም ሯጭ በትምህርት ቤቱ ወይም በከተማው ክለብ ስም ሲታወቅ በእኛ ዘንድ በመለዮ ለባሽ ማዕረግ መታወቁ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። አበበ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲፈጽም፣ በ1964ም በቶኪዮ ድሉን ሲደግም የክቡር ዘበኛ ባልደረባ ነበር። በ1968 በሜክሲኮ ከተማ የማራቶኑን ወርቅ የወሰደው ማሞ ወልዴም ከዚያው ክፍል የወጣ ነው። በ1980 በሞስኮ በ5 ሺሕና በ10 ሺሕ ሜትር ያሸነፈው ምሩፅ የአየር ኃይል ሰው ነበር። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ኃይሌና ደራርቱ በፖሊስ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ደግሞ በማረሚያ ቤቶች ክለብ በኩል አልፈዋል።

ይህን የምለው የሠራዊቱን ውለታ ለማንኳሰስ አይደለም። አብዛኛው ሕዝቧ ገበሬ በሆነባት አገር ለአንድ ወጣት ደመወዝ፣ ምግብ፣ መኝታ፣ ጫማና የልምምድ ጊዜ ሊሰጥ የሚችል ሌላ ተቋም አልነበረም። እንደ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ያለ አሠልጣኝ ሥራውን ሊሠራ የቻለውም እንዲህ ያለ የተደራጀ ክፍል ስለ ነበረ ነው። ነገር ግን ሠራዊት ሰው የሚያገኝበት መንገድ አንድ ነው፤ እርሱም ምልመላ ይባላል። መልማዩ ወደ አገር ቤት ይወርዳል፤ በራሱ ጊዜ አድጎ የደረሰውን ያያል፤ ብርቱውን ይመርጣል፤ የተመረጠውን ይዞ ወደ መዲናይቱ ይመለሳል። የቀረው ለምን እንደ ቀረ፣ ወደፊትም ምን እንደሚሆን መጠየቅ የመልማዩ ሥራ አይደለም።

በደርግ ዘመን ስፖርት በቀበሌ፣ በፋብሪካና በትምህርት ቤት እንዲደራጅ መሞከሩ አይካድም። ሐሳቡ በመሠረቱ ትክክል ነበር፤ ጉዳቱ ግን የሜዳው ጨዋታ ከፖለቲካው ሰልፍ ጋር በአንድ ገመድ መታሰሩ ነው። መንግሥቱ ሲወድቅ ቀበሌን ያየ ሰው ሁሉ ከቀበሌ ጋር የተያያዘውን ነገር ሁሉ ጠላ፤ የሕዝብ ስፖርት የሚባለውም ሐሳብ አብሮ ተቀበረ። ከ1991 በኋላ በሠራዊቱና በፖሊሱ ክለቦች ጎን የባንክ፣ የመብራት ኃይልና የሲሚንቶ ፋብሪካ ክለቦች ጎልተው ታዩ። ቀጣሪው በዛ፤ የአቀጣጠሩ ዘዴ ግን አልተለወጠም። ቃሉም እንኳ አልተለወጠም። ዛሬም የፌዴሬሽኑ ሰዎችና አሠልጣኞች ስለ ታዳጊዎች ሲናገሩ የሚጠቀሙበት ቃል «ምልመላ» ነው።

፪. ዘሪው ማን ነው?

ፌዴሬሽኑ ካልዘራ እህሉን የዘራው ማን ነው? ይህን ለመመለስ ከአርሲዋ በቆጂ የተሻለ ቦታ አይገኝም። በ1992 በባርሴሎና በ10 ሺሕ ሜትር አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ደራርቱ ቱሉ፣ በ1996 በአትላንታ የማራቶኑን ወርቅ የወሰደችው ፋጡማ ሮባ፣ ከዚያም ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚህች ትንሽ ከተማና ከአካባቢዋ የወጡ ናቸው። ጎብኚዎች ስለ ቦታው ከፍታና ስለ አየሩ ብዙ ጽፈዋል። ነገር ግን በኢትዮጵያ እንደ በቆጂ ከፍ ያሉ ቦታዎች ብዙ ናቸው። በቆጂ የነበረውና በሌላው ደጋ ያልነበረው ነገር አንድ መምህር ነው። አቶ ስንታየሁ እሸቱ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆነው ልጆችን እየሰበሰቡ ማሠልጠን የጀመሩት ከፌዴሬሽን በወረደ ዕቅድ ሳይሆን ከራሳቸው በፈለቀ ፍላጎት ነበር። በ2012 የወጣው «የሯጮች ከተማ» የተሰኘው የጄሪ ሮዝዌል ዘጋቢ ፊልም ይህንኑ ያሳያል። ፊልሙን ያየ ሰው ሁለት ነገሮች አይጠፉትም፤ አንደኛው መምህሩ በሣር ሜዳ ላይ የሚሠሩት ድንቅ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ልጃገረዶቹ ተመልምለው ወደ ማሠልጠኛ ጣቢያ ከሄዱ በኋላ የሚገጥማቸው ችግር ነው። ልጆቹ የተሻለ እንክብካቤ ሊያገኙ በሚገባቸው ቦታ ከበቆጂው ሜዳ ያነሰ ሲያገኙ እንመለከታለን።

ሁለተኛው ዘሪ የልጆቹ የዕለት ኑሮ ነው። በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2003 የታተመ ጥናት ከፍተኛ ደረጃ የደረሱትን የኢትዮጵያ ሯጮች ከሌላው ሕዝብ ጋር አነጻጽሮ ነበር። ከማራቶን ሯጮቹ መካከል ከአርሲና ከሸዋ የመጡት ቁጥር ከሕዝቡ ድርሻ እጅግ የበለጠ ሆኖ አገኘው፤ ሯጮቹም በልጅነታቸው ከሌሎቹ ይልቅ ረጅም መንገድ፣ ይልቁንም በሩጫ፣ ወደ ትምህርት ቤት ይመላለሱ እንደ ነበር አመለከተ። የኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአሯሯጥ ልማድ፣ ማለትም ግራ እጁን ደብተር እንደ ያዘ ሰው አጥፎ መሮጡ፣ ከዚሁ የመጣ ነው ተብሎ ሲነገር የኖረ ነው።

የጉዳዩ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ እስከ ዛሬ የተመገበው ከመንገድ ርቀት፣ ከትምህርት ቤት እጥረትና ከጥቂት ቅን መምህራን ያልተከፈለ ድካም ነው። ልጁን ያሠለጠነው የትምህርት ቤቱ መራቅ ነበር። አሁን ደግሞ ትምህርት ቤቶች እየተቀራረቡ፣ መንገዶች እየተሠሩ፣ ታክሲና ባጃጅ ወደ ገጠር ከተሞች እየገቡ ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ሜዳልያ እንዳይቀርብን ብሎ ልጆች አሥር ኪሎ ሜትር በባዶ እግር እንዲመላለሱ የሚመኝ ጤነኛ ሰው የለም። ነገር ግን ችግር በነጻ ሲያሠለጥንልን የነበረውን ልጅ ችግር ሲቀልለት የሚያሠለጥነው ማን ነው? መልማይ ድርጅት ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ ምክንያቱም ማሳው ሁልጊዜ በራሱ የሚያበቅል ሆኖ ሲታየው ኖሯል።

፫. የምልመላ ኪሣራ

ምልመላ የራሱ ትርፍ እንዳለው መዘንጋት አይገባም። ብርቱውን በፍጥነት ይለያል፤ አነስተኛ ገንዘብ በጥቂት ሰዎች ላይ እንዲውል ያደርጋል። ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ብሔራዊውን ቡድን በመሩባቸው ዓመታት የታየው ውጤት የዚህ ዘዴ ከፍተኛ ደረጃ ነው። ብርቱ ዲሲፕሊን፣ የጋራ ልምምድና ያልተቋረጠ ውድድር በሲድኒ በ2000 አራት የወርቅ ሜዳልያ አስገኝተዋል። የዘዴው ኪሣራ ግን ቢያንስ በሦስት መንገድ ይታያል።

የመጀመሪያው ኪሣራ ጠባብነቱ ነው። ኢትዮጵያ እስከ ፓሪሱ ኦሊምፒክ ድረስ ያገኘቻቸው የኦሊምፒክ ሜዳልያዎች ሁሉ የአትሌቲክስ ናቸው፤ ከአትሌቲክስም ሁሉም የሩጫ ናቸው፤ ከሩጫም ከ800 ሜትር ያነሰ የለም። በአሎሎና በጦር ውርወራ፣ በከፍታና በርዝመት ዝላይ፣ በአጭር ርቀትና በዱላ ቅብብል የረባ ታሪክ የለንም። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት፣ ከጋምቤላ እስከ አፋር ልዩ ልዩ ሕዝብና አየር ባቀፈች አገር ይህ የተፈጥሮ ጉድለት ሊሆን አይችልም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ውርወራና ዝላይ ሳይዘሩ አይበቅሉም። መሣሪያ፣ ሜዳና የሠለጠነ መምህር ይፈልጋሉ። ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ ጦር መወርወር አያስተምረውም።

ሁለተኛው ኪሣራ የሰው ነው። በአሥራ አምስት ዓመቷ ከገጠር ተመልምላ ወደ ማሠልጠኛ ማዕከል ወይም ወደ አዲስ አበባ ክለብ የምትገባ ልጃገረድ ብዙውን ጊዜ ትምህርቷን ታቋርጣለች። ከመቶ አንዷ ታላቅ ሯጭ ብትሆን ስሟን ሁላችንም እናውቃለን። የቀሩት ዘጠና ዘጠኙስ? በጉዳት፣ በዕድሜ ወይም በሰዓት መጓደል ምክንያት ሲሰናበቱ በእጃቸው ምን ይዘው ይመለሳሉ? የፌዴሬሽኑ ሪፖርት የሚዘረዝረው ሜዳልያና ክብረ ወሰን ነው፤ የተሰናባቾቹ መዝገብ በአደባባይ ሲቀርብ አላየንም። አንድ የግብርና ድርጅት የሰበሰበውን ኩንታል ብቻ ቆጥሮ በመንገድ የባከነውን ባይቆጥር ምን እንለዋለን?

ሦስተኛው ኪሣራ የሥነ ምግባር ነው። በር አንድ ብቻ ሲሆንና በሩም የሚከፈተው በምልመላ ቀን ብቻ ሲሆን ዕድሜን መቀነስ፣ በዘመድና በቋንቋ መጠጋጋት፣ ከመልማዩ ጋር መሞዳሞድ ይመጣሉ። ስለ ዕድሜ ማጭበርበር ብዙ ተወቅሰናል። ወቀሳው ግን ዘወትር በልጆቹ ላይ ይወርዳል፤ ልጁን ወደዚያ የሚገፋው የበሩ ጥበት ሳይነካ ይታለፋል።

፬. አልተመለመለችም፤ ተመዘገበች

በ2021 ሰኔ ወር መጀመሪያ ላይ በኔዘርላንድስ በሄንገሎ ከተማ የሆነው ነገር የዚህን ጽሑፍ መከራከሪያ ከማንኛውም ጥናት ይልቅ ያብራራል። ሰኔ 6 ቀን ሲፋን ሐሰን በ10 ሺሕ ሜትር በ29 ደቂቃ ከ6 ሴኮንድ ከ82 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው መም ላይ ለተሰንበት ግደይ ያንኑ ክብረ ወሰን ወደ 29 ደቂቃ ከ1 ሴኮንድ ከ3 አወረደችው። ለተሰንበት የሮጠችው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ለቶኪዮ ኦሊምፒክ በሚመረጥበት ማጣሪያ ላይ ነበር። አዎን፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ማጣሪያ የተካሄደው በኔዘርላንድስ ነው። በ2019ም እዚያው ተካሂዷል፤ በ2024 ደግሞ ለፓሪስ የ10 ሺሕ ሜትሩ ማጣሪያ በስፔን በኔርኻ ተደርጓል።

ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ከንቱ አይደለም። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኑ በዚያ የሚገኘው ሰዓት ከዓለም ሰዓት ጋር አይነጻጸርም፤ የአዲስ አበባ ስታዲየምም ለእድሳት ተዘግቶ ቆይቷል። ቢሆንም የአንድ አገር ማጣሪያ የልጆች ትምህርት ቤትም ነው። በቆጂ ያለችው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ለተሰንበት ስትሮጥ በዓይኗ ልታይ የምትችለው በዚያ ቀን ነበር። ያየነው ግን እኛ በአውሮፓ የምንኖረው ነን። መከሩ ከማሳው ርቆ፣ ማናጀሮቹና የጫማ ኩባንያዎቹ ባሉበት ገበያ አጠገብ ተወቃ።

ሲፋንስ? በአዳማ ተወልዳ በ2008 በአሥራ አምስት ዓመቷ በስደት ኔዘርላንድስ ገባች። ነርስ ለመሆን እየተማረች መሮጥ ጀመረች፤ በአይንድሆቨን ከተማም የአትሌቲክስ ክለብ አባል ሆነች። በቶኪዮ በ5 ሺሕና በ10 ሺሕ ሜትር ወርቅ ወሰደች፤ በፓሪስም በ2024 የሴቶቹን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ ስታሸንፍ ትዕግሥት አሰፋን የበለጠቻት በሦስት ሴኮንድ ብቻ ነበር። ብዙዎቻችን በዚያ ቀን ያልነው «የእኛው ልጅ ለሌላ ሮጠች» ነው። ቁጭቱ ይገባኛል፤ የሚያስተምረን ግን ሌላ ነገር ነው። ሲፋን በዚያ አገር አልተመለመለችም፤ ተመዘገበች። የሆላንድ አትሌቲክስ በከተማ ክለቦች ላይ የቆመ ነው። ፈጣኑም ዘገምተኛውም፣ ልጁም ጡረተኛውም መዋጮውን ከፍሎ አባል ይሆናል፤ አሠልጣኙ ብዙ ጊዜ ያለ ደመወዝ የሚሠራ የሰፈር ሰው ነው። አንዲት ስደተኛ ተማሪ ማንም «አንቺ ትሆኛለሽ» ሳይላት በሩን ከፍታ መግባት ትችላለች። ባትሆን እንኳ የምታጣው የለም፤ ነርስ ሆና ማታ ማታ እየሮጠች ትኖራለች። በምልመላና በምዝገባ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። አዳማ ሳለች ተሰጥኦ አልጎደላትም፤ የጎደለው የሚንኳኳ በር ነበር።

፭. ድሃ አገር ሊዘራ አይችልምን?

«ሆላንድ ሀብታም ናት፤ እኛ ድሆች ነን» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ ንጽጽሩን ወደ ጃማይካ እናዙረው። ሕዝቧ ሦስት ሚሊዮን የማይሞላው ይህች ደሴት የአጭር ርቀት ሩጫን የመራችው በፌዴሬሽን ምልመላ አይደለም። ከ1910 ጀምሮ በየዓመቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውድድር ይካሄዳል። ትምህርት ቤቶች በስማቸውና በቀለማቸው ይወዳደራሉ፤ ተማሪዎች በየዕድሜያቸው ይመደባሉ፤ በኪንግስተን ያለው ስታዲየም በወላጆችና በቀድሞ ተማሪዎች ይሞላል። ዩሴይን ቦልት በዚህ ውድድር ያለፈ የገጠር ትምህርት ቤት ልጅ ነው። በ1980 ደግሞ በኩባ እርዳታ የተሠራው የጂ. ሲ. ፎስተር ኮሌጅ ተከፈተ፤ ዓላማውም የስፖርት መምህራንን አሠልጥኖ ወደ ትምህርት ቤቶች መላክ ነው። ጃማይካ በዚያን ጊዜ ሀብታም አልነበረችም፤ ነገር ግን ገንዘቡን በሯጩ ላይ ሳይሆን በመምህሩ ላይ አዋለችው። አንድ መምህር በሠላሳ ዓመት አገልግሎቱ በሺሕ የሚቆጠሩ ልጆችን ያሠለጥናል፤ አንድ ተመልማይ ግን ራሱን ብቻ ነው። ስንታየሁ እሸቱ በበቆጂ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ጃማይካ እንደ እርሳቸው ያለውን ሰው በአጋጣሚ የምትጠብቅ አለመሆኗ ነው።

ሌላው ተቃውሞ «ውጤታችን መልካም ነው፤ ያልተሰበረውን ለምን እንጠግናለን?» የሚል ነው። ለዚህ መልሱ የፌዴሬሽኑ የራሱ ሚዛን ነው። በቤዢንግ በ2008 አራት ወርቅ ተገኘ፤ በለንደን በ2012 ሦስት፤ በሪዮ በ2016 አንድ፤ በቶኪዮ በ2021 አንድ፤ በፓሪስ በ2024 አንድ። የፓሪሱንም ወርቅ በማራቶን ያመጣው ታምራት ቶላ መጀመሪያ በተጠባባቂነት ተይዞ የነበረና በሲሳይ ለማ መጎዳት ምክንያት የገባ ሯጭ ነው። ይህ የተጠባባቂዎቻችንን ብርታት የሚያሳይ ቢሆንም የመራጮቹን ጥበብ ግን የሚያስመሰክር አይደለም። እርግጥ ነው፤ የሌሎች አገሮች መበርታትም አለበት፤ የውጤቱን መቀነስ ሁሉ በአንድ ምክንያት ማስረዳት ስሕተት ይሆናል። ነገር ግን በሜዳልያ ብቻ እለካለሁ ያለ ድርጅት በመረጠው ሚዛን ሲቀል ቢያንስ ሚዛኑን መመርመር ይገባዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ሕዝቡ ራሱ ስፖርት አይወድም፤ ማየት እንጂ መሥራት አያውቅም» የሚል ነው። ይህን የሚያፈርሰው በ2001 በኃይሌና በባልደረቦቹ የተመሠረተው «ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ» ነው። በመጀመሪያው ዓመት አሥር ሺሕ ሰው ሮጠ፤ ዛሬ ቁጥሩ ከአርባ ሺሕ በላይ ሆኗል። ሽማግሌው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ልጅ ያዘለችው እናት ሳትቀር በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ወጡ። ሰው አልጠፋም፤ የጠፋው መድረክ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህን መድረክ የፈጠረው ፌዴሬሽኑ አለመሆኑ ነው። ደግሞም የአንድ ቀን ሩጫ የዓመቱን ሙሉ ሜዳ አይተካም። በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ ልጆች ኳስ የሚራገጡባቸው፣ ማለዳ የሚሮጡባቸው የሰፈር ሜዳዎች አንድ በአንድ ለሕንፃ ሲሸነሸኑ የስፖርት ድርጅቶቻችን ድምፅ አልተሰማም። መልማይ ሜዳ ቢጠፋ አይጨነቅም፤ እርሱ የሚፈልገው ሯጭ ከሩቅ ደጋ ይመጣለታልና።

፮. የሰው መለወጥና የአሠራር መለወጥ

ከሪዮ ኦሊምፒክ በኋላ አትሌቶች ተሰባስበው የፌዴሬሽኑ አመራር ለስፖርቱ ሰዎች እንዲመለስ መጠየቃቸው ይታወሳል። በ2016 መጨረሻ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ በ2018 ከአንዳንድ አትሌቶች ተቃውሞ በኋላ ለቀቀ። ደራርቱ ቱሉ ተተካች፤ በ2024 መጨረሻም ስለሺ ስህን ተመረጠ። ሦስቱም በዓለም አደባባይ የተፈተኑ ታላላቅ ሯጮች ናቸው፤ ከእነርሱ በፊት ስፖርቱን ይመሩ ከነበሩት የቢሮ ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ ስለ ሩጫ ያላቸው ዕውቀት አያጠያይቅም። ነገር ግን ሦስቱም በመሰላሉ ጫፍ ላይ የደረሱ የምልመላው ሥርዓት ልጆች ናቸው። ሰውየውን መለወጥ አንድ ነገር ነው፤ አሠራሩን መለወጥ ሌላ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ከየክልሉ በሚላኩ ተወካዮች የሚመራ ሆኖ ሳለ፣ ክልሉም የሚመዘነው ስንት ሯጭ ለብሔራዊ ቡድን አበረከተ ተብሎ ሆኖ ሳለ፣ የበላዩ ሰው ማንም ቢሆን የታችኛው ሰው ማጨዱን እንጂ መዝራቱን አይማርም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሒስ አቅራቢ ሁሉ መድኃኒት የማዘዝ ግዴታ ባይኖርበትም፣ ከላይ ከተባለው በቀጥታ የሚከተሉ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ፌዴሬሽኑ በየዓመቱ ከሜዳልያው ቁጥር ጎን ለጎን ሌላ ቁጥር ያቅርብ፦ በዚህ ዓመት ስንት ልጆች ቢያንስ በአንድ ውድድር ተሳተፉ፤ ከእነርሱ ስንቶቹ ሴቶች ናቸው፤ ስንቶቹ በውርወራና በዝላይ ተወዳደሩ። የማይቆጠር ነገር አይታሰብምና። ሁለተኛ፣ ለማሠልጠኛ ማዕከላት ከሚወጣው ገንዘብ ከፊሉ ወደ ትምህርት ቤቶችና ወደ ሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ይዙር፤ ከወረዳ ጀምሮ እስከ አገር አቀፍ ደረጃ የማይቋረጥ የትምህርት ቤቶች ውድድር መርሐ ግብር ይቁም። በኢትዮጵያ በትምህርት ቤት ውድድር ያለፉ ያለፈው ትውልድ ሰዎች ይህ አዲስ ፈጠራ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ሦስተኛ፣ ማንኛውም ክለብ ወይም ማዕከል ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሲመለምል ትምህርቱን ለማስቀጠል በጽሑፍ ይገደድ፤ ሲያሰናብተውም የት እንደ ደረሰ ይመዝግብ።

በመጨረሻ ስለ ራሳችን አንድ ነገር ማለት ይገባል። እኛ በውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ አትሌቲክስ ያለን ፍቅር የተመልካች ፍቅር ነው። ቡድኑ ሲመጣ ባንዲራ ይዘን እንወጣለን፤ ባንዲራው የትኛው ይሁን በሚለውም እንጣላለን። ምሩፅ ይፍጠር የመጨረሻ ዘመኑን በካናዳ ከእኛው መካከል ኖሮ በ2016 በቶሮንቶ ሲያርፍ በክብር ሸኘነው፤ በሕይወት ሳለ ግን ስንቶቻችን ልጆቻችንን እጃቸውን ይዘን ወደ እርሱ ወሰድን? መልካሙ ምሳሌ ከመካከላችን የጠፋ አይደለም። በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ያለ መንግሥት ድጋፍ፣ በየከተማው በተቋቋሙ ቡድኖችና በበጎ ፈቃደኞች ድካም በየዓመቱ የእግር ኳስ ውድድር ሲያካሂድ ቆይቷል፤ በ2012 ተፎካካሪ ዝግጅት ተነሥቶ ሕዝቡ በሁለት ቦታ እስከ መሰብሰብ ቢደርስም አልፈረሰም። ያቆመው ምልመላ ሳይሆን ምዝገባ ነው፤ ማንም ቡድን መሥርቶ መግባት ይችላልና። ዛሬ ብዙው ሰው የሚሄደው ለመጫወት ሳይሆን ለመገናኘት መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከዚህ ተነሥቼ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለባለ ሜዳልያዎች የእራት ግብዣ ከምናወጣው ገንዘብ ከፊሉን፣ እያንዳንዱ የከተማ ማኅበር አንድ የገጠር ትምህርት ቤት መርጦ፣ ለአንድ ሜዳ፣ ለአንድ መምህር የሥልጠና ወጪና ለአንድ ዓመታዊ የተማሪዎች ውድድር ያውለው። ይህ የፖለቲካ ስምምነት አይጠይቅም፤ የፌዴሬሽኑንም ፈቃድ ከሞላ ጎደል አይጠይቅም። በዚያ ትምህርት ቤት ከሚሮጡት ሦስት መቶ ልጆች አንድም የኦሊምፒክ ሯጭ ላይወጣ ይችላል። ሦስት መቶ ልጆች መሮጣቸው ግን በራሱ በቂ ምክንያት ነው።